ክርክር፦ በአንድ የዊዳል ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ማከም ይቁም?

ጠቅላላ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይወጣል። መነሻው ሁለት የደም ምርመራዎች ናቸው፤ ለታይፎይድ ዊዳል፣ ለታይፈስ ዊል ፊሊክስ። ዊዳል የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዞት የነበረ፣ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ ያለበት፣ ወባ የያዘውም ሰው ውጤቱ ታይፎይድ ያለበት ሊያስመስል ይችላል። ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ መጠኑ አራት እጥፍ ሲጨምር ነው ቁም ነገር የሚሆነው። ያን የሚጠብቅ ሐኪምም ታካሚም አላየሁም። እኔ ይቁም ባይ ነኝ።

ጤና መኮንን፣ በወረዳ ከተማ ክሊኒክ ያለኝ፦
ዶክተር፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይቁም ማለት ይቀላል። እኔ ጋ የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደም አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ የለም። ቢኖርም ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ ታይፎይድ ካለባቸው ውስጥም ግማሽ ያህሉን ይስታል። ታካሚዬ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ነው፤ ተመለስ ብለው አይመለስም። አንጀቱ ተበስቶ ቢሞት ማን ይጠየቃል? ደካማም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
«ከምንም ይሻላል» በሚለው አልስማማም። አሠራሩን ልንገራችሁ። ነጭ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደም የተለየው ፈሳሽ)፣ ከጎኑ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት (መመርመሪያው ፈሳሽ)። ታደባልቀዋለህ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እያወዛወዝክ መጓጎሉን በዓይንህ ታያለህ። ረፋድ ላይ ወረፋው ሲበዛ ስላይዱ ሳይታይ ይቆያል፤ ጠርዙ ሲደርቅ ያልተጓጎለው የተጓጎለ ይመስላል። መጠኑን ለማወቅ ሴረሙን ደረጃ በደረጃ አቅጥኖ በቱቦ የሚሠራ ጥቂት ነው። ብዙው «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም ተጓጉሏል፣ ብሎ ጽፎ ይሰጣል። ዊል ፊሊክስ ደግሞ ይብሳል፤ ሪኤጀንቱ የሚሠራው ከታይፈስ ተሕዋስ ጋር ዝምድና ከሌለው ፕሮቲየስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው።

ታማሚ ያስታመመች፣ አዳማ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ወንድሜን ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲያስቸግረው ታይፎይድ ተብሎ መርፌ ተወጋ። ቀለል አለውና ተመለሰበት። ሌላ ክሊኒክም ያንኑ አሉት። በኋላ አክታው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሳሉ የጠየቀው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኛም «ምንም አልተገኘብህም» ሲሉን ደስ አይለንም፤ ከፍለን ወረቀት ካልያዝን የታከምን አይመስለንም።

ጠቅላላ ሐኪም፦
እህቴ፣ እንኳን በሽታው ታወቀለት። የዊዳል ትልቁ ጉዳት አንቺ ያልሽው ነው፤ ወረቀቱ ሲመጣ ጥያቄው ይቆማል።

ወንድሜ ጤና መኮንን፣ ካልቸር አምጣ አላልኩህም። ትኩሳቱ ስንት ቀኑ ነው? ቆላ ወርዶ ነበር? ቅማል አለበት፣ ተጨናንቆ ያድራል? ያስለዋል፣ ከስቷል? አንገቱ ይገተራል? ከዚያ የደም ፊልም፣ ማለትም ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ አሠራ፤ ያው አንዱ ስላይድ ወባንም የግርሻ ትኩሳትን ተሕዋስም ያሳያል። ይህ ሁሉ ታይቶ ትኩሳቱ ከቀጠለ፣ ሆዱንም ካመመው፣ ሌላ ምክንያት ከታጣ፣ ታይፎይድ ጠርጥረህ ብታክመው አልቃወምም። ካርዱ ላይ «የተጠረጠረ» ብለህ ጻፍ፣ ካልተሻለው የሚመለስበትንም ቀን ንገረው።

«መርፌውን ተወግቶ በማግስቱ ተሻለው» የሚባለውም ማስረጃ አይሆንም። እውነተኛ ታይፎይድ በትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ትኩሳቱ ለመልቀቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ብዙ የቫይረስ ትኩሳት ግን በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ታይፈስ ከሆነ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌ ምንም አያደርግለትም፣ ዶክሲሳይክሊን ነው የሚያስፈልገው። ሴፍትሪያክሶንንም ሲፕሮንም (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ) የዓለም ጤና ድርጅት ጀርሞች እንዳይላመዷቸው በጥንቃቄ ይታዘዙ ከሚላቸው ውስጥ መድቧቸዋል። እኛ ግን በአንድ ጠብታ ውጤት እንሰጣቸዋለን።

ጤና መኮንን፦
የደም ፊልሙን አልክድም፣ ዊል ፊሊክስንም አቆማለሁ። ዊዳልን ግን ብቻዬን ባቆም ታካሚዬ ጎረቤት ክሊኒክ ገብቶ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይወጣል፣ እኔም አላወቀልኝም እባላለሁ። የላቦራቶሪ ገቢ ከሌለ የቤት ኪራዩንም አልከፍልም። ጤና ቢሮ ለሁላችን እኩል ይከልክል፣ ያን ቀን እኔም ይቁም እላለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እስከዚያ እኔ ከውጤቱ ሥር «ይህ ብቻውን ለሕክምና አይበቃም» ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ እንዳይቆጣኝ ዶክተር በጽሑፍ አግዘኝ።