ከማራቶን በኋላ 10 ኪሎ ሜትር፦ ሦስት ሳምንት ይበቃል?

የማይን ዳሯ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት ላይ እዚሁ ፍራንክፈርት የመጀመሪያ ማራቶኔን ሮጥኩ። 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጀብኝ። መጨረሻው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ። ስገባ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት የባቡር ጣቢያውን ደረጃ የወረድኩት መደገፊያውን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። 10 ቀን ሙሉ አረፍኩ። ከዚያ ወንዙ ዳር ሶምሶማ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 40። ምንም አላመመኝም።

ዛሬ 16ኛ ቀኔ ነው። ትናንት 400 ሜትር ስድስት ጊዜ ልሮጥ ወጣሁ፣ በኪሎ ሜትር 4፡40 ሒሳብ። ድሮ አይከብደኝም ነበር። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ ደህና ሆኖ ሳለ ጭኖቼ እምቢ አሉኝ። አሸዋ የሞላባቸው ነው የሚመስለው።

እሁድ ታላቁ ሩጫ ነው። ሐሙስ ማታ እበራለሁ። ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሮጣለች፣ አባቴም ሊያየን መንገድ ዳር ይቆማል። የ10 ኪሎ ሜትር ምርጥ ሰዓቴ 47 ደቂቃ ነው። ከ50 በታች ብገባ በጣም ደስ ይለኛል። ይቻላል?

የእንጦጦ ጠዋት (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! እውነቱን ልንገርሽ፦ ለዚህ እሁድ አይሆንም።

ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፣ ጡንቻ ግን ይዘገያል። ሶምሶማ ላይ ደህና ነኝ ያስብልሻል። ፍጥነት ስትጨምሪ ነው የሚያጋልጥሽ። ትናንት ያየሽው እሱን ነው። የቆዩ ሯጮች ለእያንዳንዱ ማይል አንድ የማገገሚያ ቀን ይላሉ። ማራቶን 26 ማይል ነው፣ አንቺ ደግሞ እሁድ ገና 21ኛ ቀንሽ ነው። ድፍን ያለ ሒሳብ ነው፣ ግን አይከፋም።

በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ዓርብ ገብተሽ እሁድ ስትሮጪ ሰውነትሽ አይለምደውም። ሕዝቡንም አትርሺ፤ ከመስቀል አደባባይ ስንነሳ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በእርምጃ የጨረስኩበት ዓመት አለ።

እስከ እሁድ ሶምሶማ ብቻ። እግርሽን ለማንቃት ከፈለግሽ 80 ሜትር አራት ጊዜ፣ ሙሉ ጉልበትሽን ሳታወጪ።

ባት (ስቱትጋርት)

የኔን ስሚ። እኔ ከማራቶን በ12ኛው ቀን 5 ኪሎ ሜትር ተወዳደርኩ። ያውም ስሱን የውድድር ጫማ አድርጌ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁለት ወር ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ የደረሰብኝ ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም።

የመለሰኝ አጭር አጭሩ ነው። መጀመሪያ 200 ሜትር፣ በመሃል ትንፋሽ እስኪረጋ እየተራመዱ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ 400፣ ከዚያ ኪሎ ሜትር። በስድስተኛው ሳምንት ብቻዬን 5 ኪሎ ሜትር ሞከርኩና ነው የተመዘገብኩት።

ከ50 በታቹን ለዓመቱ መጨረሻ አቆዪው። እዚያው እናንተ ጋ ዲሴምበር ማለቂያ ላይ በከተማው ጫካ 10 ኪሎ ሜትር አለ። ሜዳ ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛ።

የማይን ዳሯ (ፍራንክፈርት)

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አንብቤ ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ልክ ናችሁ። እህቴ ጋ ደውዬ ስነግራት፣ «በቃ ከኔ ጋ ነሻ!» ብላ ጮኸች። በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ነው የምትሮጠው። አብረን እናልፋለን አባቴ ፊት። የጫካውን አሁኑኑ ተመዘገብኩ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጥፍሬ መነቃነቅ ጀምሯል። ልንቀለው?

ባት (ስቱትጋርት)

ኧረ አትንኪው! ንጽሕናውን ጠብቂና በፕላስተር ጠቅልዪው። ከሥር አዲሱ ሲያድግ ራሱ ይወልቃል። መግል ወይም ትኩሳት ካለው ግን ከመብረርሽ በፊት ሐኪም ይየው። ቀጣዩን ጫማ ግማሽ ቁጥር ከፍ አድርገሽ ግዢ።