በቤት ስቱዲዮ ውስጥ የማጣቀሻ መጠንና ሄድሩም አወሳሰን፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የሰው ድምፅና አኮስቲክ ጊታር እቀርጻለሁ። የምጠቀመው ሁለት ማይክራፎን የሚቀበል የኦዲዮ ኢንተርፌስ ሲሆን፣ ቀረጻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ነው። የተነገረኝ ዘዴ ሲግናሉን በተቻለ መጠን ወደ ዜሮ ማስጠጋት ነው፤ ነገር ግን ድምፃዊዋ በአዝማቹ ላይ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች ቁጥር ቀረጻው ክሊፕ ስለሚያደርግ (ጣሪያውን አልፎ ስለሚቆረጥ)፣ ጥሩ የተዘፈነውን ክፍል መጣል ግድ ይሆናል። አንዳንዶች «በ-18 ቅረጽ» ይላሉ፤ ቁጥሩ ፒክ (የሞገዱ ከፍተኛ ጫፍ) ይሁን አማካይ ግን አያብራሩም። እንደተባለው ዝቅ አድርጌ ስቀርጽ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ ቀጭን መስመር ይሆናል፣ ከስፒከሩ የሚወጣውም ድምፅ ይደክማል። በተጨማሪም ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚሠራ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨቁን መሣሪያ) አለኝ፤ የእሱ ባለመርፌ መለኪያ ዜሮ ላይ ሲቆም የኮምፒውተሩ መለኪያ -12 ያሳያል። የትኛውን ማመን ይኖርብኛል?

መላሽ ሀ፦
-18 የሚባለው ከዲጂታሉ ዜሮ በታች በዴሲቤል የሚቆጠር አማካይ መጠን እንጂ ፒክ አይደለም፤ ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ይህ ሳይነገር ስለሚቀር ነው። በዲጂታል መለኪያ ላይ ያለው ዜሮ ጣሪያ ነው። ከእርሱ በላይ የሚጻፍ ቁጥር ስለሌለ፣ ያለፈው የሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል፣ በኋላም በትክክል የሚመልሰው መሣሪያ የለም። በአናሎግ መሣሪያ ላይ ያለው ዜሮ ግን የሥራ መካከለኛ ነው፤ ደህና የተሠራ መሣሪያ ከዚያ በላይ ሌላ 20 ዴሲቤል ገደማ ሳይበላሽ ያሳልፋል። ሄድሩም የምንለው ይህንን ከሥራው መጠን እስከ ጣሪያው ያለውን ክፍተት ነው። -18ን እንደ ማጣቀሻ መውሰድ ማለትም ያንኑ የሥራ መካከለኛ በዲጂታሉ ውስጥ ቦታ መስጠት ማለት ነው።

የሰው ድምፅ ቅጽበታዊ ፒክ ከአማካዩ በ12 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊዘል ይችላል፤ የከበሮ ምት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ስለዚህ አማካዩ በ-18 አካባቢ፣ ፒኩም ከ-10 እስከ -6 ባለው ውስጥ ቢውል፣ ድምፃዊዋ በድንገት ከፍ ብትልም መውጫ ቦታ ይኖራታል። ጌይኑን (የማይክራፎኑን ሲግናል የማጉያ መጠን) ሲያስተካክሉ እንድትናገር ወይም በለሆሳስ እንድታንጎራጉር ሳይሆን፣ ከሙሉ አጃቢው ጋር ሆና የዘፈኑን ከሁሉ ከፍ ያለ ክፍል እንድትዘፍን ይጠይቋት። እውነተኛው ቀረጻ ሲጀመር ሰው ከሙከራው ይልቅ ድምፁን ከፍ ማድረጉ የተለመደ ስለሆነ፣ ሙከራው ላይ ፒኩ -10 ከደረሰ እዚያው ላይ ተዉት።

ዝቅ አድርጎ መቅረጽ ጥራት ያጎድላል የሚለው ፍርሃት ከ16 ቢት ዘመን የተረፈ ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ገደማ ይይዛል፤ 16 ቢት 96፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት ደረጃ 144 ዴሲቤል ይሰጣል። የኢንተርፌሶች እውነተኛ ስፋት ግን በአብዛኛው ከ110 እስከ 120 አካባቢ ስለሆነና የክፍሉና የማይክራፎኑ ጫጫታም ከኢንተርፌሱ ጫጫታ በብዙ ስለሚበልጥ፣ 12 ዴሲቤል ዝቅ ማለት ከቀረጻው ላይ የሚሰማ ነገር አይወስድበትም። የቀጠነው ሞገድ የምስል ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩ ላይ ቁመቱን አጉልተው ይዩት። ድምፁ ከደከመ ደግሞ የስፒከሩን ቮልዩም ይጨምሩ።

መላሽ ለ፦
በዋናው ነገር እስማማለሁ፤ -18 ሕግ ተደርጎ እንዳይወሰድ ግን አደራ እላለሁ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት በአር68 ምክሩ -18ን ከ0 ዲቢዩ (የአናሎግ ሲግናል ቮልቴጅ በዴሲቤል የሚለካበት መስፈሪያ) ጋር ያገናኘዋል፣ የአሜሪካው የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ኤስኤምፒቲኢ ደግሞ በአርፒ155 -20ን ከ+4 ዲቢዩ ጋር ያዛምዳል። ሁለቱን ወደ አንድ መስፈሪያ ብናመጣቸው፣ በመጀመሪያው አሠራር ዲጂታሉ ጣሪያ +18 ዲቢዩ ላይ፣ በሁለተኛው +24 ዲቢዩ ላይ ይውላል፤ የ6 ዴሲቤል ልዩነት አለ ማለት ነው። የቤት ኢንተርፌስ ሠሪዎች ደግሞ ከሁለቱም ለየት ያለ ጣሪያ ሊመርጡ ይችላሉ።

የጠያቂው -12ም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ሁለቱም መለኪያዎች እውነት እየተናገሩ ነው። በባለሙያ መሣሪያ ላይ የመርፌው ዜሮ በተለምዶ +4 ዲቢዩ ሲሆን በቮልት 1.228 ነው። በኢንተርፌሱ መመሪያ ውስጥ ለላይን ግብዓት የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ይፈልጉ። +16 ዲቢዩ የሚል ከሆነ፣ ከ16 ላይ 4 ሲቀነስ 12 ይቀራል፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ዜሮ ላይ ሲሠራ ኮምፒውተሩ -12 ማሳየቱ ትክክል ነው። ችግሩ ለፒክ የሚቀረው 12 ዴሲቤል ብቻ መሆኑ ነው። የኮምፕረሰሩን መውጫ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ አማካዩ ወደ -18 ይወርዳል።

መላሽ ሐ፦
አጭር ጭማሪ አለኝ። ኢንተርፌሱ ወይም ኮምፕረሰሩ +4 እና -10 የሚል ማብሪያ ካለው፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ላይ መሆናቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። በ+4 ዲቢዩ እና በ-10 ዲቢቪ (ሌላ የቮልቴጅ መስፈሪያ) መካከል ያለው ልዩነት 12 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሳይታይ ታልፎ ስሌት ብቻ ሲሰላ መዋል ይመጣል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መመሪያው በእርግጥም +16 ዲቢዩ ይላል፣ ማብሪያዎቹም ሁለቱም +4 ላይ ናቸው። የሳይን ቶን (አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለው የመለኪያ ድምፅ) አውጥቼ ለመለካት ስሞክር ግን አዲስ ጥያቄ ተፈጠረብኝ፤ በአንድ ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጨመር መሣሪያ) ላይ ቶኑ -18 ሲያሳይ በሌላው -21 ይላል። በቮልትሜትር መለካትስ ይቻላል?

መላሽ ለ፦
የሳይን ሞገድ ፒክ ከአርኤምኤሱ (ከሲግናሉ አማካይ ጉልበት መለኪያ) በ3 ዴሲቤል ይበልጣል። አንዳንድ መለኪያዎች ኤኢኤስ17 የሚባለውን ደንብ ተከትለው ለአርኤምኤስ ንባብ 3 ዴሲቤል ስለሚጨምሩ ሳይኑ በፒክም በአርኤምኤስም እኩል ይነበባል፤ ሌሎቹ አይጨምሩም። የትኛውንም ቢመርጡ ስህተት አይሆንም፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ነው ችግሩ። ለቶን ልኬት የፒክ መለኪያውን ይጠቀሙ፤ ያኔ ጥርጣሬ አይኖርም።

ቮልትሜትርም ይሠራል፤ ሆኖም ርካሽ መልቲሜትሮች በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ትክክል ስለማያነቡ፣ ከተለመደው 1 ኪሎኸርዝ ይልቅ የ100 ኸርዝ ቶን ይጠቀሙ። በባላንስድ መውጫ ላይ በኤክስኤልአሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ፒን መካከል፣ በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ይለኩ። ቶኑን ከፍ ዝቅ እያደረጉ 1.228 ቮልት ሲያገኙ፣ በዚያች ቅጽበት ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ቁጥር የመውጫዎ እውነተኛ ማጣቀሻ ነው። የመውጫው ጣሪያ ከግብዓቱ ጣሪያ ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ሁለቱንም ለየብቻ መዝግበው ያስቀምጡ።

መላሽ ሀ፦
ይህ ሁሉ ልኬት የሚያስፈልገው ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚያልፍ ሲግናል ላለው ሰው መሆኑን ልጨምር። ማይክራፎን፣ ኢንተርፌስና ሶፍትዌር ብቻ ያለው ሰው ፒኩን መከታተል ይበቃዋል፤ ቮልትሜትር መያዝ አይጠበቅበትም። በሶፍትዌሩ ውስጥ ስሌቱ በ32 ቢት ፍሎት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚሠራ፣ አንድ ትራክ ከዜሮ ቢያልፍ እንኳ በማስተሩ (በሁሉም ትራኮች የጋራ መውጫ) ላይ ዝቅ ሲደረግ ሳይቆረጥ ይመለሳል። በኢንተርፌሱ መግቢያ ላይ የተቆረጠውን ግን የትኛውም ፌደር አያድነውም። የአናሎግ መሣሪያን የሚመስሉ ፕለጊኖች ለብቻቸው ይታዩ፤ ብዙዎቹ በ-18 አካባቢ እንዲሠሩ የተስተካከሉ ስለሆኑ፣ እጅግ ከፍ ያለ ሲግናል ሲገባባቸው ያልታሰበ ማዛባት ይጨምራሉ።

መላሽ መ፦
ስለ ስፒከሩ የተነገረው ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ግማሽ እዚያ ነው። የስፒከሩ ቮልዩም በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ጆሮ ዝቅ ያለውን ቀረጻ «ደካማ» ብሎ ይፈርድበትና እጅ ሳይታወቀው ጌይኑን ይጨምራል። ማጣቀሻው ለሲግናሉ ብቻ ሳይሆን ለአየሩም ይሁን። አርኤምኤሱ -20 የሆነ ፒንክ ኖይዝ (ለልኬት የሚያገለግል ወጥ ሹክታ) በአንድ ስፒከር ብቻ አውጥተው፣ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ በድምፅ መለኪያ፣ መለኪያውን በ«ሲ» (C) ሚዛንና በዘገምተኛ ንባብ ላይ አድርገው ይለኩ። ለሲኒማ የሚሠሩ ትልልቅ ክፍሎች 85 ዴሲቤል ይጠቀማሉ፤ ያን መጠን ወደ መኝታ ክፍል ማምጣት ግን ያደክማል። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ደንብ አውጪ ኤቲኤስሲ በኤ/85 ምክሩ ከ42 ሜትር ኩብ ገደማ ለሚያንሱ ክፍሎች 76 ዴሲቤል ያስቀምጣል፤ ጎረቤት ካለ ከዚያም ዝቅ ቢሉ አይከፋም። ያገኙትን ቦታ በቮልዩሙ ላይ ምልክት ያድርጉበት፣ ሁለተኛውንም ስፒከር እኩል ያድርጉት። ከዚያ በኋላ በ-18 የተቀረጸው ትራክ በጆሮ ሙሉ ሆኖ ይሰማል።

ጠያቂ፦
የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። በዚህ ዓይነት ከቀረጽኩና ከቀላቀልኩ በኋላ ሥራው ከሌሎች ዘፈኖች ዝቅ ብሎ አይሰማም?

መላሽ ሀ፦
ቅልቅሉ ዝቅ ይላል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው። የመጨረሻው መጠን የሚወሰነው በማስተሪንግ ላይ ሲሆን፣ እዚያ የሚለካው በኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማውን አማካይ ጉላት በሚያሳይ መስፈሪያ) ነው። ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ሙዚቃን ወደ -14 ኤልዩኤፍኤስ ያስተካክላል፤ የአውሮፓ ብሮድካስት ደንብ አር128 ደግሞ -23 ይጠይቃል። ቅልቅሉን ፒኩ -6 አካባቢ ላይ አድርገው፣ በማስተሩ ላይ ሊሚተር (ፒኩ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚያግድ መሣሪያ) ሳያስገቡ በ24 ቢት ያውጡት። በማስተሪንግ ላይ ትሩ ፒኩ (ወደ አናሎግ ሲቀየር የሚደርስበት እውነተኛ ጫፍ) ከ-1 እንዳያልፍ ሊሚተሩን ይወስኑ፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒ3ና መሰል ዓይነቶች ሲቀየር ፒኩ ትንሽ ስለሚያድግ ያቺ 1 ዴሲቤል ታስፈልጋለች።

መላሽ ሐ፦
ድምፃዊዋ በአዝማቹ ላይ አሁንም የምታልፍ ከሆነ፣ ጌይኑን ከመንካት በፊት ከማይክራፎኑ ያላትን ርቀት ይመልከቱ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ መጠኑ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከፍ ስትል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንድትል መንገር ከማንኛውም ኮምፕረሰር በፊት የሚሞከር ነው።