ጥቆማ፦ እግሩ ለሚያብጥ የጋሪ ፈረስ የት ይታከም? ምን ይገዛ? (ድሬዳዋና ሐረር)

ጥያቄ
ድሬዳዋ የሚሠራ የጋሪ ፈረስ ነው። ሁለቱም የኋላ እግሮቹ ከኮቴው በላይ ጀምሮ እስከ ቋንጃው አብጠው ወራት አልፏል። ሠርቶ ሲገባ ጎደል ይላል፤ ታስሮ ሲያድር ይመለሳል። አያነክስም። ከኮቴው ጀርባ ግን ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ይዟል፤ ሌሊት እግሩን መሬት ላይ ይደበድባል። የት ላሳየው? ለእግሩ ማጠቢያና ማሰሪያ (ባንዴጅ) የቱ ይሻላል? ፈሳሽ የሚያወጣ መርፌ አለ ብለውኛል፤ ያዋጣል?

መልስ፣ ከድሬዳዋ
ወንድሜ፣ መርፌውን ለጊዜው ተወው። ፈረስ ከጉልበትና ከቋንጃ በታች ጡንቻ የለውም፤ ሊምፉን (ከሥጋው ተጣርቶ ወደ ደም የሚመለሰውን ፈሳሽ) ወደ ላይ የሚገፋለት እርምጃው ነው። ሠርቶ ሲገባ የሚጎድለውም ለዚህ ነው። የሽንት መርፌ ውኃውን ቢያወጣ እንኳ ፕሮቲኑ እዚያው ስለሚቀር እብጠቱ ተመልሶ ይሞላል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ፈረሱን ያደርቅብሃል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የእብጠት ማስታገሻም እብጠቱን ቶሎ ያሟሽሻል፤ ሲደጋገም ግን ኮቴውን ከውስጥ ያስቆጣና ጨርሶ ያስቀምጠዋል።

መጀመሪያ በአውራ ጣትህ ለ10 ሰከንድ ተጫነው። ጎድጉዶ ከቀረ ገና ፈሳሽ ነው፣ ይመለሳል። ካልጎደጎደና ቆዳው ጠንክሮ ከታጠፈ ጠባሳ ሆኗል፤ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። እነ ሻየርና ክላይድስዴል የመሳሰሉት የአውሮፓ ከባድ ፈረሶች የሚወርሱት የማይድን የሊምፍ በሽታ አለ። የኛ ጋሪ ፈረስ ላይ ግን ከዘር ይልቅ የእግር እከክ፣ የቆዳ ቁስለት፣ ጠባብ የመታሰሪያ ገመድና ቆሞ መዋል ናቸው የሚጠረጠሩት። ሌሊት የሚደበድበው እከክ ይመስለኛል።

ማጠቢያ ላይ ብዙ አትጨነቅ። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ማጠቢያ) ካገኘህ እሱን፣ ካላገኘህ የሰው ፋርማሲ ያለውን 10% ቤታዲን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጥ። ፀጉሩን በመቀስ አሳጥር፤ ቅርፊቱን ለብ ባለ ጨው ውኃ (በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል) አለስልሰህ አንሳ፤ ደረቁን አትላጥ፣ ይደማል። መድኃኒቱን ቀብተህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ አጥበህ በንጹሕ ጨርቅ እስከ ቆዳው አድርቅ። ማድረቁ ከማጠቡ ይበልጣል፤ እርጥብ የቀረ እግር ነው የሚሰነጠቀው። ሳምንቱን በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ።

ለእከኩ 10% የድኝ ቅባት ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ችግሩ ሰው አራት አምስት ቀን ቀብቶ ማቆሙ ነው፤ የተባዩ ዕንቁላል እየተፈለፈለ ስለሚቀጥል ሦስት አራት ሳምንት ካልዘለቅህ ድካምህ ከንቱ ነው። ጉዝጓዙንም ቀይር።

የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ውኃ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ሦስቱም ቀሪዎቹን የሊምፍ ቧንቧዎች ይገድላሉ። የተተኮሰ እግር ሲገዙ አይተው የሚሸሹት በከንቱ አይደለም።

መልስ፣ የእንስሳት መድኃኒት የሚያውቅ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ መድኃኒት ቤት ስትገባ የሚያታልሉህን ልጨምር። ለከብት መዥገር የሚሸጠውን አሚትራዝ ፈረስ ላይ አትርጭ፤ አንጀቱን ያቆመዋል፣ ይገድለዋል። ጠርሙሱ ላይ ስሙን ሳታነብ አትውጣ። የከብት 1% አይቨርሜክቲንም (የትልና የተባይ መርፌ) ለአንገት ጡንቻ አይሆንም፤ መርፌው የገባበት ቦታ ሊያብጥና በክፉ ባክቴሪያ ሊመረዝ ይችላል። በአፍ የሚሰጥ የፈረስ አይቨርሜክቲን ካለ ለትል ጥሩ ነው፤ የእግር እከክ ግን ከቆዳው ላይ ስለሚበላ በእሱ ብቻ አይጠፋም። ፔንስትሬፕ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ያለበቂ ምክንያት አትውጋ፤ ሐኪም ካዘዘውም ጡንቻ እንጂ ደም ሥር አይገባም፤ ደም ሥር ከገባ ፈረሱ ወዲያው ይንፈራገጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

ማሰሪያ ላይ፦ የሰው ፋርማሲ ክሬፕ ባንዴጅ ርካሽ ነው፣ ግን በጣም ስለሚለጠጥ ሌሊት አጥብቆ ጅማት ይጎዳል። የሚሻለው ብዙ የማይለጠጥ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ነው። ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥጥ ወይም የተቆረጠ ብርድ ልብስ ዙሪያውን እኩል ይደረጋል። ከኮቴው በላይ ጀምር፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍን፣ ከቋንጃው በታች ጨርስ። አንድ ጣት ከላይ መግባት አለበት። ከላይ አጥብቀህ ከታች ካላላህ ፈሳሹ ወደ ኮቴው ይወርዳል፤ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። በየቀኑ ፍታ፣ እየው፣ አድርቀህ እሰር። ቁስል ካለ ወይም ጨርቁ ከረጠበ አታሳድር። በልብስ ሰፊ ሜትር ጠዋት ከሥራ በፊት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ለካ፤ በዓይን ብቻ ማንም አይለይም።

መልስ፣ ከሐረር
የት ይታከም ላልከው፦ ቅርብ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ለማየትና ለመጀመሪያ ምክር ይበቃል። ቁስል የሚያወጣ ከሆነ ግን በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ወዳለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋ ውሰደው፤ መግል በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። መንገዱ በደንገጎ ዳገት ስለሆነ በእግር አትንዳው፣ መኪና ላይ ጫነው።

ለምን አጥብቄ እላለሁ? ከሐረር በኩል ከፍ ባለው ወይና ደጋ የፈረስ የሊምፍ ፈንገስ አለ፤ በብዛት የሚታየው 1,500–2,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። እንደ ገመድ የወጣ መሥመር ላይ እንደ ባቄላ የሚያክል እብጠት ተደርድሮ ከፈነዳና ቢጫ መግል ከተፋ ጠርጥር። ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነ ብርቅ ነው፤ ከላይ የተገዛ ፈረስ ግን ይዞት ይወርዳል። ቶሎ ከተያዘ በአዮዳይድ (የአዮዲን መድኃኒት) ይታከማል፣ ቆይቶ ግን አስቸጋሪ ነው። በዝንብ፣ በብሩሽ፣ በጋሪ ዕቃ ይተላለፋልና የራሱ ዕቃ ይኑረው። ተመሳሳይ ቁስል የሚያወጣ ሌላ በሽታ ደግሞ ወደ ሰው ይጋባል፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ያለ ጓንት አትንካው።

የታሰረበትንም ገመድ እየው። ሲባጎና የፕላስቲክ ገመድ ቆዳ ይበጣሉ፤ የድሮ መኪና ቀበቶ ተሰፍቶ ቢታሰር ይሻላል፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በኩል የሚሰፉ አሉ። የሚያርፍበት ቀን ገብሱንና ፋጉሎውን በግማሽ ቀንስ፣ ጭድ ጨምርለት፣ ጠዋትና ማታ 20 ደቂቃ አራምደው። ቆሞ ከዋለ ባንዴጁ ብቻውን አያድነውም።

ጠያቂው
ጫን ብዬ አየሁት፤ ጎድጉዶ ይቀራል። ድኝ ቅባቱ ቅርፊቱ ሳይነሳ ይቀባል?

መልስ፣ ከድሬዳዋ
አይቀባም። ከቅርፊቱ በታች አይደርስም። ዛሬ አለስልሰህ አንሳ፣ አድርቅ፣ ነገ ጠዋት ጀምር። ከቀባህ በኋላ እግሩ አንድ ሰዓት ያለ ባንዴጅ ይቆይ፤ ቅባት ላይ ጥጥ ካሰርክ ቆዳው ይታፈናል።