ቅዳሜ ከሰዓት፣ ክርና ኪሮሽ፦ ለቤቶች ማኅበሩ የምናቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ በተባባልነው መሠረት ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ለቤቶች ማኅበሩ ኮሚቴ የሚገባው በመጪው እሑድ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ያላችሁን ጨምሩበት። ዋናው ጥያቄያችን አንድ ነው፤ የጋራ መገልገያችን በሆነው ኮሚናል ውስጥ ያለችው ትንሿ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ትፈቀድልን። እስካሁን ደረጃ ላይና ብሎክ ሥር ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ክረምቱ ደረሰ። የካ አባዶን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ነፋሱ በለገጣፎ በኩል ሲመጣ ጣት ይደነዝዛል፣ ኪሮሹ ከእጅ ይወድቃል።

መግቢያውን እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «እኛ በሳይቱ የምንኖር 14 ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን ሻል፣ ሻርፕና አሻንጉሊት በእጃችን እንሠራለን። ሥራውን ለገቢ ማስገኛ ለማሳደግ...» ከዚህ ወዲያ ያለውን አብረን እንጨርሰው።

ብሎክ 9፦ መግቢያው ደስ ይላል። «ገቢ ማስገኛ» የምትለዋ ግን ትውጣልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነው የምውለው። ቅዳሜን ሌላ ሱቅ አታድርጉብኝ።

ብሎክ 22፦ ይቅርታ እትዬ፣ እኔ ደግሞ ትቆይ ባይ ነኝ። ክር እኮ ተወደደ። አንድ ሻል ባለ 100 ግራም ልቃቂት ሦስት አራት ይበላል። ለበዓል ባዛር ጥቂት ብንሸጥ የክሩን ይመልሳል። ኮሚቴውም «የሥራ ዕድል» ሲባል ቶሎ ጆሮ ይሰጣል።

ብሎክ 9፦ ልጄ፣ የክሩስ ነገር እውነትሽን ነው። ግን ባዛር ካልን በሳምንት ስንት ሻል ደረሰ እየተባለ መቆጠሩ አይቀርም። ገና ለመልመድ የመጣች ሰው ስትሠራና ስትፈታ ማን ይታገሣታል? እኔ የመጀመሪያዋን ጥንቸሌን አምስት ጊዜ ፈትቻታለሁ። ማንም አላስቸኮለኝም። የቀጠልኩትም ለዚያ ነው።

እማማ፣ ብሎክ 3፦ ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ኪሮሽ የያዝኩት ትምህርት ቤት፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ያኔ የምናውቀው ዳንቴል ብቻ ነበር። ቀጭን ኪሮሽ፣ ነጭ ክር። ለሬዲዮ ልብስ፣ ለቴሌቪዥን ልብስ፣ ለሶፋ ራስጌ። ስንት ዘመን ነጭ ብቻ ሠራሁ! አራት ኪሎ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ወደዚህ ስንመጣ ዳንቴሉን ሁሉ በካርቶን አድርጌ ነው ያመጣሁት። ካርቶኑ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እዚህ ጎረቤት የሚባል አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ብርቱካናማ ክር ይዛ ስትታገል አየሁ። ኪሮሹን የያዘችው እንደ ማንኪያ ነው። አላስቻለኝም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እንዲህ ያዥው» አልኳት። እኔ አያያዝ አሳየኋት፣ እሷ ቀለም አሳየችኝ። አሁን ትከሻዬ ላይ ያለው ሻል ስድስት ቀለም አለው። የአደይ አበባ ቢጫ፣ የቃሪያ አረንጓዴ፣ ሐምራዊም አለበት። ክፍሏን የምንፈልጋት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ እሱ ይጻፍ።

ብሎክ 22፦ እማማዬ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ቃሏ ትውጣ። ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ አውጥቻታለሁ። በቦታዋ ይህን አስገባሁ፦ «ዓላማችን በሳይቱ የሚኖሩ አዛውንትና ወጣቶች አንድ ላይ ተቀምጠው የእጅ ሥራ እንዲማማሩ ነው።» የግሉን መሸጥ የሚፈልግ ይሽጥ፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። በጋራ ክር የምንሠራው ግን ለአራስ መጠየቂያና ለመዋለ ሕፃናቱ ልጆች ይሁን። ይኼ ያስማማናል?

ብሎክ 9፦ ያስማማናል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም እስማማለሁ። መዋጮው በወር 200 ብር ይሁን ብያለሁ። ስለ ክር ግዢው ግን ትንሽ ልዘርዝር፤ ራሴ አጥፍቼ ነው የተማርኩት። አምና ለእናቴ ቀይ ሻል ጀመርኩ። ሁለት ልቃቂት ገዝቼ ነበር፣ አለቀብኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ሱቅ ያንኑ ቀይ ጨመርኩ። ማታ ማታ በአምፖል ስሠራው ምንም አይታይም። ጨርሼ ጠዋት በረንዳ ላይ ስዘረጋው ግን ከመሀሉ ጀምሮ ጠቆር ያለ ሌላ ቀይ ሆኗል። ግማሹን መፍታት ነበረብኝ። ለካ ክር የሚነከረው በየተራ ነው። አንዱ ተራ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ጥቅሉ ላይ ያለውን ወረቀት ብታዩት ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የሎት ቁጥር አለ። ቀለሙ አንድ ሆኖ ሎቱ ከተለያየ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ፦ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ክር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሎት እንገዛለን። በየግላችን አንድ አንድ ልቃቂት እየገዛን ይህን ማድረግ አንችልም። ለእኔ በጋራ መግዛታችን ከዋጋው ይልቅ ለዚህ ይጠቅመናል። በየሁለት ወሩ ሁለት ሰው በመገናኛ አድርጎ መርካቶ ይሄዳል። ቀለሙን የሚመርጠው ግን ሁሉም ነው፣ ቀደም ብሎ።

ጋሼ፣ ብሎክ 17፦ የገንዘብ ያዣችን ነገር ትክክል ነው። እኔ እንደምታውቁት በሁለት መርፌ ሹራብ ነው የምሠራው። ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ጀማሪ በኪሮሽ ይጀምር። በኪሮሽ ስትሠሩ መንጠቆው ላይ የምትቀረው አንድ ቀለበት ናት። ስትሳሳቱ ያቺን ይዞ መፍታት ነው። በሹራብ ግን ረድፉ በሙሉ መርፌው ላይ ነው ያለው፤ አንዷ ከሾለከች ወደ ታች ትተረተራለች። ሁለተኛ፣ የመንዝን ሱፍ እንሞክረው። ባና የሚባለው ብርድ ልብስና በርኖስ የሚሠራበት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ እዚሁ በራችን በሚያልፈው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ብሎክ 9፦ ጋሼ፣ የመንዝ ሱፍ ለሕፃን አንገት አይሻክርም?

ጋሼ፣ ብሎክ 17፦ ይሻክራል። ለሕፃን አላልኩም። ለወንበር ምንጣፍና ለቦርሳ ነው የማስበው። ሙቅ ውኃ እንዳይነካው ብቻ፤ ይኮማተራል።

ጸሐፊ፦ «የአገር ውስጥ ሱፍ በትንሹ እንሞክራለን» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ብሎክ 14፦ አሻንጉሊቱ ላይ ጠበቅ ልበል፣ መዋለ ሕፃናት ነው የምሠራው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቁልፍ ወይም የዶቃ ዓይን አይደረግ። ተነቅሎ ጉሮሮ ይዘጋል። ዓይኑን በጥቁር ክር እንጥለፈው። ኪሮሹም ቀጠን ይበል። ለሻል ባለ 5 ሚሊሜትር ከተጠቀምን ለአሻንጉሊት 3 ይበቃል። ካልጠበቀ መሙያው በቀዳዳው ይወጣል፣ ልጅ ደግሞ የወጣውን ጎትቶ አፉ ውስጥ ይከታል። መሙያው የትራስ ፋይበር ይሁን። ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል፣ በክረምት ቶሎ አይደርቅም።

ለአዳዲሶቹ ደግሞ አንድ ሥራ እንምረጥላቸው፤ ኳስ። በ6 ቀለበት ይጀመራል፣ ቀጥሎ 12፣ ከዚያ 18፣ በየዙሩ 6 እየጨመሩ ይሄዳሉ። የሚፈለገውን ያህል ሲሰፋ ጥቂት ዙር ሳይጨምሩ መሥራት፣ ከዚያ በ6 በ6 እየቀነሱ መዝጋት ነው። የዙሩ መነሻ እንዳይጠፋቸው ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ያስገቡበት። ኳስ የቻለ የጥንቸል ጭንቅላት ቻለ ማለት ነው።

ብሎክ 9፦ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። የምንሠራበት ክር አክሪሊክ ነው። እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አጠገብ ሻሉን አውልቁ። ለድስት መያዣ የሚሆነውንም በጥጥ ክር እንሥራው።

ሰብሳቢ፦ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ ሐዘን ነው። ኮሚናሉ የሁሉም ነው። ስለዚህ እኛው ቀድመን እንጻፈው፦ «ሐዘን ወይም የዕድር ስብሰባ ከገጠመ ክፍሏን በዚያው ሰዓት እንለቃለን።» ጽዳቱ በእኛ፣ አምፖሉ በእኛ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ያድራል።

ጸሐፊ፦ ገባ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሆኗል፣ 14 ፊርማ ይጠብቃል። ለመዋለ ሕፃናቱ 20 አሻንጉሊት እስከ መስከረም፣ የአራስ ሻሎቹን ደግሞ የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ብዬ ጽፌአለሁ። የቀረ ካለ ንገሩኝ።

ብሎክ 22፦ እማማ ደረጃ አይውረዱ። ነገ ከሥራ ስመለስ ወረቀቱን እኔ አመጣልዎታለሁ።

እማማ፣ ብሎክ 3፦ ተባረኪ። ስትመጪ ካርቶኑን ከላይ አውርጂልኝ። የዚያች ክፍል ጠረጴዛ ክብ ናት ወይስ አራት ማዕዘን? ልኳን ለክታችሁ ንገሩኝ።