ግቢን በአፈር ለመሙላት ፈቃድ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ?

ጠያቂው፦ ክረምቱ ገባ፣ የሰፈራችን ጭቅጭቅም አብሮ ገባ። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ገረገንቲ (የሙሌት አፈር) አስደፍቶ ግቢውን ግማሽ ሜትር ከፍ ያደርግና ውሃው ወደ ጎረቤት ይዞራል። ወረዳው አፈር ከመደፋቱ በፊት «የውሃውን መውጫ በፕላን አሳዩ» ብሎ ያስገድድ? እኔ ያስገድድ ባይ ነኝ።

የላይ ሰፈር፦ አልስማማም። ሰው ግቢውን የሚሞላው ወዶ ነው እንዴ? እኛ ጋ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለና ግቢያችን ሳህን ሆኖ ቀረ። መንገዱን ከፍ ያደረገው ሳይጠየቅ እኔ ጥቂት ቢያጆ አፈር ላስገባ ስል ፈቃድ አምጣ? ለአንድ ፊርማ እንዴት እንደሚያመላልሱን እያወቃችሁ! ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ሁሉም ሰው የአንዱ ላይ፣ የሌላው ታች ነው።

የታችኛዋ፦ ወንድሜ፣ አንተ ስትሞላ ውሃው የት ሄደ? የኛ የላይ ጎረቤቶች አጥሩን በስተው በፕላስቲክ ቱቦ ለቀቁብን። ሐምሌ ላይ በኩሽና በር ገብቶ የጤፉን ማዳበሪያ ከስር አበሰበሰው። ሄጄ ስናገር «ውሃ መቼም ሽቅብ አይሄድ» አሉኝ። አዎ አይሄድም፣ ግን ቱቦውን የቀበረው ዝናቡ አይደለም።

ሲቪሉ፦ የጣሪያ ውሃን ሰው ይንቀዋል። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 3,000 ሊትር ነው፣ 15 በርሜል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ በአሸንዳ ሰብስበህ አንድ ጥግ ላይ ስትለቀው መሠረት ስር ይገባል። ቤቱ ዋልካ (ጥቁር አፈር) ላይ ከሆነ ደግሞ ጉድ ነው፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮ። የአሜሪካኖቹ የመኖሪያ ቤት ኮድ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ 3 ሜትር ድረስ መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ ይላል። ይሄ ውድ ሥራ አይደለም። ጣጣው ከአጥሩ ውጪ ነው፤ ቦይ የሌለው መንገድ ላይ የቱም ፕላን አይሠራም።

የላይ ሰፈር፦ በለው! እኔስ ምን አልኩ?

ሕግ ነክ፦ ቆይ፣ አሁንም ቢሆን ሕግ አለ እኮ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1225፣ ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ግን የምትከሰው ቤትህ ከረጠበ በኋላ ነው። ፍርድ ቤት ስትመላለስ ሌላ ክረምት ይመጣል። ፈቃዱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ነገሩን ከመነሻው ይይዘዋል።

የላይ ሰፈር፦ እሺ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ለሚሞላ ይሁን። ግን ወረዳው በ5 ቀን መልስ ካልሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ቦዩም የመንገዱ ሥራ አካል ይሁን፣ ከኛ ኪስ አይደለም።

የታችኛዋ፦ በቦዩ እስማማለሁ። በ5 ቀኑ ግን አንስማማም፤ ዝም ስላሉ ብቻ ቤቴ ሊጥለቀለቅ? በጋው ሙሉ ሲጠብቅህ አልነበር? ያኔ ጠይቅ፣ ያኔ ሙላ። ሰኔ ላይ አፈር የሚደፋ ሰው ፈቃድ ኖረውም አልኖረው ጭቃው እኔ ጋ ነው የሚያድረው።