በሰንደል የተለበጠው የሲምሃቻላም ምስል

ጥያቄ፦ በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በቪሻካፓትናም አቅራቢያ በሲምሃቻላም ኮረብታ ላይ የሚገኘው ቤተ መቅደስ የሂንዱውን አምላክ የቪሽኑን ምስል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሸፍኖ ያኖረዋል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ምስሉ የቪሽኑን ሁለት ትስጉቶች፣ ከርከሮውን ቫራሃንና ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆነውን ናራሲምሃን፣ በአንድ አካል ያጣመረ ነው። ናራሲምሃ ክፉውን ንጉሥ ሂራንያካሺፑን በጥፍሩ ዘንጥሎ ከገደለ በኋላም ቁጣው አልበረደም ስለሚባል፣ ለማቀዝቀዝ ተፈጭቶ በላቆጠ የሰንደል እንጨት ይለበጣል።

ሌላ መልስ፦ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ፣ የቪሽኑ ምስል ሲለበጥ የሌላውን የሂንዱ አምላክ የሺቫን ሊንጋም፣ ማለትም ሺቫን የሚወክለውን ዓምድ መሰል ምልክት፣ መምሰሉ ነው። ልባጡ የሚነሣው በዓመት አንድ ቀን፣ በአክሻያ ትሪቲያ በዓል ሲሆን፣ ምእመናን እውነተኛ መልኩን የሚያዩት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ሰንደል ለማጨስ ብቻ የሚውል ይመስለኝ ነበር።