ደሴ ላይ ሁሙስና ፈላፍል ለመሞከር፦ ለአራት ሰው ምን እንዘዝ?

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሁሙስ (የሽምብራ ማባያ)፣ ፈላፍል (በዘይት የሚጠበስ የሽምብራ ድቡልቡል)፣ ታቡሌ የሚባል የቅጠል ሰላጣና በዘንግ እየዞረ የሚጠበስ የዶሮ ሻወርማ መሸጥ ጀምራለች። ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ልንሄድ ነው። ሁለታችን ጾም ላይ ነን፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ የምንፈልገው ከአንድ ገበታ መብላት ነው። ምን እንዘዝ? ስንትስ ይበቃናል? ደግሞ ሌላ ቤት የቀረበው ፈላፍል ውስጡ ሊጥ ሊጥ የሚል፣ ላዩ ዘይት የጠጣ ነበር። ባህሪው ነው ወይስ አሠራሩ?

አንድ ገበታ፦
ወንድሜ፣ ለእናንተ የሽምብራው ወገን ይሻላችኋል። ሥጋ ከመጣ «የማን ሥጋ ነው?» ይከተላል፣ ለጾመኛውም አይሆንም። ለአራት ሰው ሁለት ሰሃን ሁሙስ፣ ከ12 እስከ 16 ፍሬ ፈላፍል፣ አንድ ታቡሌና ስድስት ቂጣ በቂ ነው። ቂጣ ከጎደለ ሁሙሱ ይተርፋልና ቂጣ ላይ አትቆጥቡ።

ከማዘዛችሁ በፊት ግን ወጥ ቤቱን የሚያስጠይቅ ነገር አለ። ትንሽ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ መጥበሻ ነው፤ ፈላፍሉ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ ጾሙም፣ የሥጋው ጥያቄም እዚያው ተበላሸ። የቂጣው ሊጥ ወተት ወይም እርጎ ይገባበት እንደሆነም ጠይቁ። ከሁሉ የሚያሳስተው ነጩ ማባያ ነው፤ ከሰሊጥ፣ ከእርጎ ወይም እንቁላል ካለበት ማዮኔዝ ሊሠራ ይችላል፣ በዓይን ደግሞ ይመሳሰላል። «ጠሒና ነው»፣ ማለትም የሰሊጥ ፍጭ ነው፣ ካሏችሁ ቅመሱት፤ የሰሊጥ ሽታና ቀለል ያለ ምሬት ሊኖረው ይገባል።

ታቡሌ በሊባኖሶች አሠራር ፐርስሊ ነው፤ ስንዴው ጥቂት ነው። እነሱ የሚጨምሩት ቡልጉር አስቀድሞ ተቀቅሎ ደርቆ የተከካ ስለሆነ መዘፍዘፍ ይበቃዋል። የእኛ ቂንጬ ጥሬ ነው፤ ሳይቀቀል ከገባ ጥርስ ሥር ይንቋቋል፣ ሆድም ይነፋል። ቅጠሉ የሚበላው በጥሬው ስለሆነ በምን ውሃ እንደታጠበ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዘፍዛፊው፦
ፈላፍሉ ላይ ልመልስ። ባህሪው አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ለፈላፍል ሽምብራው ይዘፈዘፋል እንጂ አይቀቀልም። የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ ስለሚይዝ ዘይት ውስጥ ይፈርሳል፤ እንዳይፈርስ ዱቄት ይጨምሩበታል፤ ሊጥ ሊጥ ያሰኘው ያ ዱቄት ነው።

በደሴ ብርድ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ አይበቃም። ከ18 እስከ 24 ሰዓት፣ ውሃውን አንዴ ቀይሮ፤ ሲሰበር መሐሉ ደረቅ ነጭ ነጥብ ሊኖረው አይገባም። ለ500 ግራም ደረቅ ሽምብራ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት እፍኝ ፐርስሊና የድምብላል ቅጠል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 የድምብላል ፍሬ ዱቄት፣ 2 ጨው። በደንብ አጠንፍፎ በሥጋ መፍጫ ማሳለፍ ነው፤ ደቃቅ ቂንጬ መስሎ ሲጨብጡት የሚያያዝ ይሁን። ብሌንደር እንዲዞር ብለው ውሃ ጠብ ካደረጉበት መፍረሱ አይቀርም። አንድ ሰዓት በቅዝቃዜ አቆይቶ፣ ሊጠበስ ሲል 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ።

ዘይቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ይድረስ፤ ጊዜው 3 እስከ 4 ደቂቃ። መለኪያ ከሌለ ትንሽ ቁራጭ ጣል አድርጎ ማየት ነው፤ ወዲያው አረፋ ካልከበበው ዘይቱ አልደረሰም። ያልጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ፈላፍል ቅርፊት እስኪይዝ ዘይት ይጠጣል። ብዙ ፍሬ በአንዴ ሲጨመርም ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰው የሚበዛበት ሰዓት ላይ ጣዕሙ የሚወርደው በዚህ ነው።

ሲቀርብላችሁ አንዱን ሰብራችሁ እዩ። ውስጡ አረንጓዴና ፍርፍር ያለ፣ ላዩ ኩርሽም የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ላዩ ጠቁሮ ከደነደነ ሁለተኛ የተጠበሰ ነው፤ «አሁን የሚጠበስ አምጡልን» በሉ። ግብጾች ታዕሚያ የሚሉትን በባቄላ ይሠሩታል፤ ባቄላ እኛ ጋ ሞልቶ ሳለ የሚሞክረው ቤት አለመብዛቱ ያሳዝነኛል።

ከቦርከና ዳር፦
ሁሙስን ብዙ ሰው ቡቲቻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቡቲቻ ከሽምብራ ዱቄት ይገነፋል፤ ሁሙስ ግን ሙሉው ሽምብራ ተቀቅሎ ከጠሒና ጋር ይፈጫል። ጠሒና የሌለበት የሽምብራ ፍጭ እንጂ ሁሙስ አይደለም። በኦቾሎኒ ቅቤ የሚተኩም አሉ፤ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁሙሱ አሸዋ አሸዋ ካለ ሽምብራው አልበሰለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ግድም ይደርሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ በተለመደው ሰዓት አይበስልም። ማታ ለተዘፈዘፈ 250 ግራም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ መቀቀል ወይም በፕሬዠር ኩከር 40 ደቂቃ፤ በሁለት ጣት ሲነኩት መላም አለበት። ትንሹ ቡናማ ሽምብራ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ እሽት አድርጎ መግፈፍ ይፈልጋል። ነጩ ትልቁ ካቡሊ ይቀላል፤ ከካቡሊ ዝርያዎች አንዱ ሀብሩ ይባላል፣ ልክ እንደ ሰሜን ወሎው ወረዳ።

ለዚያ 250 ግራም 150 ግራም ጠሒና፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ጠሒናው ሎሚ ሲነካው ይጠጥራል፤ ዘይት አትጨምሩ፣ በረዶ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጠብ ሲደረግበት ነጥቶ ይለሰልሳል። የሚመር ሁሙስ ከገጠማችሁ ሰሊጡ ሲታመስ ቀልቷል ማለት ነው።

ከላይ የሚፈሰው የወይራ ዘይት ነው። የእኛ ወይራ፣ ጭሱን ለማጠኛ የምንወደው፣ ዘመዱ ቢሆንም ለዘይት የሚለማው እሱ አይደለም። ዘይቱ ውድ ስለሆነ በሱፍ የሚተካ ቤት ቢኖር አልፈርድም። ኑግ ግን ሽታው ሰሊጡን ይጫነዋል።

የጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ሻወርማውን ለሌላ ቀን ብናስበው ምን እንይ? የተረፈውንስ ይዞ መሄድ ይቻላል?

አንድ ገበታ፦
ሻወርማ ላይ እሳቱን እዩ። ዘንጉ እየዞረ እሳቱ ከጠፋ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ከነበረ፣ ይቅርባችሁ፤ ለብ ብሎ የቆየ ዶሮ ጀርም ያፈራል። የተቆረጠው ሥጋ ውስጡ ሮዝ ከሆነ መልሱት። ሁሙሱን ክዳን ባለው ዕቃ ይዛችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁት 3 ቀን ይቆያል፤ ከመብላታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አውጡት። ፈላፍሉን ግን እዚያው ጨርሱት፤ ተጠቅልሎ ከተወሰደ በራሱ እንፋሎት ይርሳል፣ ኩርሽታውም ይጠፋል።